ከሽምደዳ ወዲያ፦ የወሎ ተማሪ ዕውቀቱን የሰደረባቸው ዘመናት

ሐይቅ እስጢፋኖስ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ውሃ ዳር ላይ ያለ ገዳም ነው። በ1240 ዓ.ም. ገደማ አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው የመነኮሳቱን ማኅበር አቋቋሙ፤ ከምንኩስናው ጋር ትምህርቱም አብሮ ተተከለ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚህ ቤት ደጅ ከጠኑት ተማሪዎች አንዱ ናቸው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ዛሬም እዚያው አለ፤ የራሳቸው ሥዕልም ይገኝበታል።

ያ ወንጌል ያኔም ብርቅ ነበር። አንድ መጽሐፍ እንዲጻፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ መወጠር፣ መፋቅና መድረቅ አለበት፤ ቀለም መበጥበጥ አለበት፤ ቁም ጸሐፊው ወራት መቀመጥ አለበት። ለተማሪ ሁሉ መጽሐፍ ማደል የማይታሰብ ስለነበር መጽሐፉ የሚቀመጠው በልጁ ራስ ውስጥ ነው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ መምህሩ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ማለፍ አይችልም፦ ይህ ሁሉ ነገር በምን መልክ ይደርደር? የተፈለገ ዕለትስ በየት በኩል ገብቶ ይገኝ?

ከዚያ በኋላ በነበሩት መቶ ዘመናት መልሱ በቤት በቤት መከፋፈል ሆነ። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት። ቤቱም በአገር በአገር ተለየ፦ ለድጓ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር፣ ለቅኔ ወሎ ውስጥ ዋድላ፣ ጎጃም ውስጥ ዋሸራና ጎንጅ። ቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ደበሎውን ደርቦ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ሲሻገር የትምህርቱን ምዕራፍም እየተሻገረ ነው። የዕውቀቱ ካርታና የአገሩ ካርታ እንዲህ አንድ ሆነው ሳይ ይደንቀኛል። ሊቁ ስለ አንድ ዜማ ሲጠየቅ የተማረበት ቦታና የመምህሩ ድምፅ አብረው ይመጡለታል።

ክፍፍሉ ጉዳት አልነበረውም ማለት ግን አይቻልም። በድጓ የተመሰከረለት መርጌታ ቅኔ ላይ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ዳዊት ደግሞ የወጣው ልጅ ከመዝሙሩ አንዱን ቁጥር ፍታ ቢባል ዝም ይላል፤ አብዛኛውም ተማሪ ከዚያ በላይ ሳይሄድ ወደ እርሻው ይመለስ ነበር። የድሮውን ትምህርት ስናነሣ ይህን እየዘለልን ሊቃውንቱን ብቻ መቁጠር ልማዳችን ሆኗል።

የመምህራኑን ብልሃት ለማየት ደግሞ ትልቁ ጉባኤ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ የሕፃናቱ ገበታ ይበቃል። ልጁ መጀመሪያ ሀሁ ይቆጥራል። 26ቱ የግዕዝ ፊደላት በሰባት ድምፅ ሲባዙ 182 ይሆናሉ፤ እያዜመ መስመር በመስመር ይወርዳቸዋል። ጥቂት ሳምንታት ሲቆይ አፉ ከዓይኑ ይቀድማል። ስንደዶው ገና «ሂ» ላይ ሳለ እሱ «ሄ»ን ተሻግሮ «ህ» ላይ ነው። ፊደሉን እያየ አይደለም፤ ዜማው እየወሰደው ነው። የኔታ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ስለዚህ ሀሁ እንዳለቀ ሌላ ገበታ ይዘረጋሉ፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ፤ ቀጥሎ በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ። ፊደላቱ ያው ናቸው፤ አንድም አልተጨመረም። ነገር ግን እያንዳንዱ ከለመደው ሰልፍ ወጥቷል፤ የመጀመሪያው ቤት በግዕዝ፣ ሁለተኛው በካዕብ፣ ሦስተኛው በሣልስ እያለ በሰያፍ ይሄዳል። ዜማውን ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይደነቃቀፋል። ቅርጹን የለየው ያልፋል።

መምህሩ ራሱ ያቆመውን ሰልፍ ራሱ ያፈርሰዋል ማለት ነው። ልጁ በቃሉ መያዙ አልተነቀፈም፤ ያለ እሱ ሁለተኛው ገበታም አይነበብም። የተነቀፈው እዚያው መቅረት ነው።

ቅኔ ቤት ሲደረስ ይህ ጥበብ ይረቃል። ተማሪው ግስና እርባ ቅምር በቃሉ ያከማቻል፤ መምህሩ የሚቀኙትንም እየሰማ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ጫካ ወይም ወደ ገደል አፋፍ ብቻውን ሄዶ የራሱን መቁጠር አለበት። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሦስት ቤት ወዳላቸው ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ያልፋል፤ አምስት ቤት ካለው ዋዜማ፣ ስድስት ቤት ካለው ሥላሴ፣ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይወጣል። ያዘጋጀውን ለመምህሩ ይነግራል፤ እሳቸውም እዚያው ያቃኑለታል። የሌላውን ወይም የትናንቱን ቅኔ መልሶ ማቅረብ ነውር ነው። እስኪ አስቡት፦ ልጁ አንድ ግስ ሲፈልግ አንዴ በፍችው ይፈልገዋል፣ አንዴ ቤት እንዲመታለት በመጨረሻ ፊደሉ ይፈልገዋል፣ አንዴ በእርባታው ይፈልገዋል፣ ሰምና ወርቁ ሲጋጠሙ ደግሞ በሁለት ትርጉሙ በአንድ ጊዜ ይፈልገዋል። በአንድ በር ብቻ የገባው ግስ ወደ አራት አቅጣጫ መውጫ ተከፈተለት።

በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያና በ19ኛው መባቻ ደግሞ ወሎ የእስልምና ትምህርት አገር እየሆነች መጣች። ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ የጀማ ንጉሥን ማዕከል መሠረቱ። ቃሉ በሚባለው ምድር፣ ጌታ በተባለ ቦታ፣ በ1855 ዓ.ም. ገደማ ያረፉት ሰይድ ቡሽራ ደረሶችን፣ ማለት ተማሪዎችን፣ ሰበሰቡ። ዛሬ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በደጋንና በገርባ በኩል ወደ ባቲ የሚወርደው መንገድ የሚያልፈው በዚሁ በቃሉ ነው።

ቁርአን ቤት የገባ ልጅ መጽሐፉ ሉሕ ነው፤ የእንጨት ሰሌዳ። የዕለቱ ክፍል በጥላሸት ቀለም ይጻፍበታል። ልጁ እየተወዛወዘ ይቀራዋል፤ ሸኹ ፊት ቀርቦ ሳይሳሳት ካወረደው ሰሌዳው ይታጠባል፤ ካልሆነለት ግን ጽሑፉ እንዳለ ይቆያል። ከዚያ ከፍ ብሎ ኪታብ የሚቀራው ደረሳ መትን ይይዛል። መትን አጭር፣ የታመቀ፣ ብዙ ጊዜም በግጥም የተቋጠረ ጽሑፍ ነው። ለምሳሌ የነሕው ተማሪ የሚሸመድደው የኢብኑ ማሊክ አልፊያ የዐረብኛን ሰዋስው በ1,000 ያህል ስንኝ የጠቀለለ ነው። ኢብኑ ማሊክ ደማስቆ ላይ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1274 ነው፤ አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ ሲያስተምሩ በነበረበት ዘመን መሆኑ ነው። መትኑ ከተያዘ በኋላ ሸርሑ ይመጣል፤ ሸኹ ስንኟን አንሥተው ይፈቱና ምሳሌውን፣ ልዩነቱን፣ የሊቃውንቱን ክርክር እዚያችው ስንኝ ላይ ያንጠለጥላሉ። ጎጆ ሠሪ መጀመሪያ ምሰሶና ማገር አቁሞ ጭቃውን በኋላ እንደሚመርገው ነው። ከዓመታት በኋላ ደረሳው ስንኟን ሲያነሣ የተንጠለጠለው ሁሉ ተያይዞ ይመጣለታል።

እዚህም አገሩ የትምህርቱ ካርታ ነበር። ለነሕው ወደ አንዱ ሸኽ፣ ለፊቅህ ወደ ሌላው፤ ደረሳ ሲዞር ይኖራል፤ የሚመግበው የሰፈሩ ሰው ነው። የፊደል ነገር ከተነሣም ደረሳው ሁለት ሰልፍ አለው፦ አሊፍ፣ ባ፣ ታ ብሎ የሚጀምረው አንዱ፣ ለቁጥር የሚያገለግለው አብጀድ ሌላው። አብጀድና የየኔታ አቡጊዳ የአንድ ጥንታዊ የሴም ሰልፍ ልጆች ናቸው። ሐይቅና ጌታ ያለነገር የተቀራረቡ አይመስለኝም፤ ቢያንስ ፊደል አቆጣጠር ላይ ዘመድ ናቸው።

ማንበብ ለማይችለው ደግሞ መንዙማ ነበረው። ሸኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ ሃይማኖቱን በዜማ አስተማሩ። ገበሬውና እናቶች ኪታብ ሳይገልጡ የነቢዩን ታሪክና የእምነቱን መሠረት ተራውን ጠብቀው የሚያወርዱት በዚህ ነው።

ግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደሴ በስተሰሜን ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ፤ ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። ስለ ክርስቶስ የተነሣው የሁለት ልደትና የሦስት ልደት ክርክር ተደምድሞ ሁለት ልደት የሚለው የተዋሕዶ ወገን አሸነፈ። መጽሐፍ ቤት ያሠለጠናቸው ሊቃውንት እዚያ የተከራከሩበት ጥበብ ራሱ የትምህርቱ ፍሬ ነው። አንድምታ አንዱን ንባብ ይዞ «አንድም»፣ «አንድም» እያለ የተለያየ ትርጓሜ ጎን ለጎን ያስይዛል፤ ተማሪው የራሱን ወገን መልስ ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ያውቃል። የወሎ ሙስሊሞች ግን ከዚያ ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሡ ተባሉ። ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ፤ ሸኽ ጦልሓ አሻፈረኝ ብለው ለትግል ወጡ። የሸኾቹ ደጆች ተፈቱ፣ ደረሶቹ ተበተኑ። መጽሐፉ በሰው ራስ ውስጥ ባለበት አገር ሸኽ ሲሰደድ ቤተ መጻሕፍቱም አብሮት ይሰደዳል።

ያ ዘመን አልፎ ደሴ የእኒያው የተጠመቁት ኢማም፣ የራስ ሚካኤል ከተማ ሆነች፤ እያደገችም ሄደች። በ20ኛው መቶ ዘመን ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ የከተማዋ ስመ ጥር ትምህርት ቤት በእኚሁ በሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት በወይዘሮ ስሂን ስም ተጠራ። እዚህ ዕውቀት በሌላ መልክ ተሰደረ። ተማሪው አገር ለአገር መዞሩ ቀርቶ መምህራኑ በደወል ይፈራረቁበት ጀመር፦ ሒሳብ፣ ከዚያ ጂኦግራፊ፣ ከዚያ ሳይንስ። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳውን በጠመኔ ይሞላል፤ ተማሪው ወደ ደብተሩ ይገለብጣል። ከፍ ሲል ደግሞ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ትምህርት ያመጣው በረከት የሚካድ አይደለም፤ ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ አብዮተኛውም ከዚያ ወጥቷል። ግን አንድ ነገር ሳይታወቅ ወደቀ። በቃል መያዙ ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት ገባ፤ አቡጊዳው ውጭ ቀረ። ደብተሩን በተጻፈበት ተራ የሸመደደ ልጅ በዚያው ተራ ይጠየቃል፤ በዚያው ተራ ይመልሳል፤ ጥሩ ማርክ ያገኛል።

በሌላው ዓለም በዚያን ጊዜ የሰው ልጅ ዕውቀቱን እንዴት እንደሚመድብ የሚያጠኑ ሰዎች ላይቤሪያ ገብተው ነበር። እነ ማይክል ኮል የክፔሌ ገበሬዎችን ምግብ፣ ልብስ፣ መሣሪያና ዕቃ አቅርበው «በየዘመዱ ለዩ» አሏቸው። ገበሬዎቹ ቢላዋውን ከብርቱካኑ ጋር አደረጉት፤ የሚቆርጠው እሱ ነዋ። ብልህ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው አሉ። መርማሪው ሲቸግረው «ሞኝ ሰው ቢሆንስ እንዴት ይለየው ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ ምግቡን ከምግብ፣ መሣሪያውን ከመሣሪያ አድርገው ልክ ተመራማሪዎቹ በጠበቁት መንገድ ደረደሩለት። አመዳደቡን ሳያውቁት ቀርተው አልነበረም፤ ለኑሯቸው የማይረባ ሆኖ ነው እንጂ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ሲልቪያ ስክሪብነርና ኮል በዚያው በላይቤሪያ በቫይ ሕዝብ መካከል አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ነው። ፊደል ከቆጠሩት የቫይ ሰዎች ገሚሱ በራሳቸው ፊደል፣ ገሚሱ ቁርአን ቤት በዐረብኛ፣ ገሚሱ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የተማሩ ናቸው። ቁርአን የቀሩት በአንድ ዓይነት የማስታወስ ፈተና በለጡ፤ ቃል በቃል ላይ እየተጨመረ፣ ተራው ሳይዛባ ከመጀመሪያው እየተነሡ በሚወርዱበት ፈተና። እንዳሻቸው ያስታውሱ ሲባል ግን ብልጫ አላሳዩም። ትምህርቱ በአጠቃላይ «ጥሩ ጭንቅላት» አልሰጣቸውም፤ ዕውቀቱ በገባበት መንገድ ላይ ግን አበረታቸው።

በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ሚሼሊን ቺ፣ ፖል ፌልቶቪችና ሮበርት ግሌዘር ሌላ ጥናት አወጡ። 24 የፊዚክስ ጥያቄዎችን በካርድ ጽፈው ለ8 ጀማሪ ተማሪዎችና ለ8 የዶክትሬት ተማሪዎች ሰጡ። አትሥሯቸው፤ በየዘመዳቸው ለዩ ብቻ ተባሉ። ጀማሪዎቹ ስፕሪንግ ያለበትን ከስፕሪንግ፣ ተዳፋት ያለበትን ከተዳፋት አደረጉ። የበሰሉት ግን አንዱን የስፕሪንግ ጥያቄ ከአንዱ የተዳፋት ጥያቄ ጋር አንድ ላይ አስቀመጡ፤ ሁለቱም የሚፈቱት በኃይል አለመጥፋት ሕግ ነው። የሁለቱ ወገን ራስ ውስጥ ያለው ቀመር ብዙ ላይለያይ ይችላል፤ የተለያየው ቀመሩ የተሰደረበት መንገድ ነው። የኔታ ይህን ቢሰሙ አዲስ ነገር የሚሆንባቸው አይመስለኝም። ሀሁን ብቻ የያዘው ልጅም ፊደሉን የሚያውቀው በጎረቤቱ ነበር።

ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ላይ ነበረች። ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በ15 ቋንቋዎች ተስፋፋ፤ በቀጣዩ ዓመት ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ጎልማሳው ገበሬ ማታ ማታ በኩራዝ ፊደል ቆጠረ።

በ1986 ዓ.ም. አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ሆነ። በወረቀት ላይ ተማሪ ተኮር ማስተማር፣ ተከታታይ ምዘና የሚሉት ቃላት ከዚያ ወዲህ አልጠፉም። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ፕላዝማ መጣ። ከመጣው ሁሉ ለምንናገርበት ጉዳይ ዋናው ምስክር እሱ ነው።

ፕላዝማ የሳተላይት ትምህርት ነበር፤ ሥዕሉ ጥሩ፣ ሙከራው የጠራ፣ ላቦራቶሪ አይቶ ለማያውቅ ልጅ ብርቅ። ሰዓቱ ሲደርስ ስክሪኑ ይበራል፤ በስክሪኑ ያለው መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ይጀምራል። የክፍሉ መምህር ለመግቢያና ለመዝጊያ ጥቂት ደቂቃ አለው፤ ተማሪዎች ማብሪያ ማጥፊያ እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ደሴ ያለው ልጅ ዓረፍተ ነገሩን ገና በሆዱ ወደ አማርኛ ሳይመልስ «በጣም ጥሩ» ይባልና ይታለፋል። ማስቆምም፣ ወደ ኋላ መመለስም የለም። ትምህርቱን ያሰናዳው ባለሙያ ራስ ውስጥ ያለው ሥርዓት ጥሩ ነው፤ ግን የልጁ ራስ ውስጥ ምን ሥርዓት እንዳለ የሚጠይቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ አፉ ተይዟል። ሸኹ ሉሑ እንዲታጠብ ከመፍቀዳቸው በፊት ልጁን ይሰሙት ነበር። ፕላዝማው አይሰማም፤ ሰሌዳው በየ40 ደቂቃው ራሱን ያጥባል።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሥራ ጀመረ። ለአካባቢው ልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ ለከፍተኛ ትምህርት ከአገር መራቅ ግድ መሆኑ ቀረለት። ዩኒቨርሲቲውም የሚቀበለው የ12 ዓመት ደብተር የተሸከመ ተማሪ ነው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ከተሞቹ ኅዳር ማብቂያ ላይ እስኪለቀቁ ድረስ ትምህርት ቤት ተዘረፈ፣ ዩኒቨርሲቲውም ተዘረፈ። የአካባቢው ተፈታኞች የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከሌላው ተለይተው በሁለተኛ ዙር ወሰዱ። ቀጣዩ ፈተና ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲሰጥ ተማሪው ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንዲፈተን ተደረገ። ውጤቱ ጥር ላይ ተነገረ፦ ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፤ 3.3 በመቶ። በተከታዩ ፈተና 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሰ።

በዚያ ሰሞን የተባለው ብዙ ነው፤ ኩረጃ ቀረ፣ መምህር ደከመ፣ ልጁ ሰነፈ፣ ጦርነቱ ጎዳው። ሁሉም ድርሻ አለው። እኔ ግን የፈተና ወረቀቱን ኮድ ነው የማየው። ተፈታኝ ከጎረቤቱ እንዳይገለብጥ ጥያቄዎቹ በየኮዱ ተራቸው ይቀያየራል። ሰልፍ ማፍረስ ድሮ ማስተማሪያ ነበር፤ ልጁ በእርግጥ ማወቁን የሚገልጥ፣ ካላወቀም እዚያው የሚያቃና። አሁን የቀረው በጠባቂነት ሥራው ብቻ ነው፤ ያውም በ12ኛ ክፍል መጨረሻ፣ ማቃናት በማይቻልበት ሰዓት።

የቺና የባልደረቦቿ ሥራ ላቦራቶሪ አይፈልግም፤ መብራት ጠፋ ተብሎም አይቀርም። ደጋን ያለ የፊዚክስ መምህር ከመማሪያ መጽሐፉ ከተለያየ ምዕራፍ 12 ጥያቄዎች በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ለአምስት ለአምስት ተማሪ ሊያድልና ሳይሠሩ እንዲለዩለት ሊያዝዝ ይችላል። ተዳፋቱን ከተዳፋት ካደረጉ የት ላይ እንዳሉ ያውቃል። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ በአማርኛ ያስረዱ ቢል ደግሞ በእንግሊዝኛው የተሸፈነው ሁሉ ይገለጥለታል። የሚያግደው የዓመቱ ዕቅድ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ የሚጠይቀው ስንት ምዕራፍ እንደተሸፈነ ነው፤ ወረቀት ሲለዩ የዋለ ክፍል በዚያ ቅጽ ላይ የሚሞላበት ቦታ የለውም።